የኢብሳ ማረጋገጫ

ላቀው ምሳ ከመብላቱ በፊት አንቴናውን ውሃ ያጠጣል። ሐረገ ብረት ይሉታል፤ እንደ ተክል ከዘር በቅሎ፣ የብረት ዝቃጭ ያለበት ውሃ እየጠጣ የሚረዝም ሽቦ ነው። ማርስ ላይ በተቆረቆረችው በቀይ ጎራ ከተማ ሬዲዮ የሚወድ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ያሳድገዋል። ጎረቤቶቹ ግን ቲማቲም ቢተክልበት ይሻል ነበር ይላሉ።

ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው አፍ ሲያስከፍት ኖሯል፤ ሰው የሚለውን መስማት የሚወደው ግን በሬዲዮ ብቻ ነው፣ ያውም ከሩቅ ከመጣ። ሚስቱ በሞተች በሳልስቷ መኝታ ክፍሏን ባዶ አድርጎ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የለቃቀመውን የሬዲዮ ዕቃ ደርድሮ ጣቢያውን እዚያ አቋቋመ። ሌላው ሕዝብ ከጆሮው ጀርባ በተቀበረች፣ ጥልፍ በምትባል ቅንጣት መሣሪያ ያሻውን ሰው ባሻው ሰዓት ያነጋግራል። መርከቦችም የሚነጋገሩት በብርሃን ጨረር ነው። ሬዲዮ የሚያዳምጡ እነ ላቀው ብቻ ቀርተዋል።

ያን ሰሞን ሐረጉ ተበላሸ። ከልኩ አልፎ እየረዘመ ሄደና ከተማዋን በሸፈነው መስታወት ላይ ስንጥቅ አግኝቶ ወደ ውጭ ወጣ። ልጁ ትርሲት ልትቆርጠው መሰላል ላይ ወጥታ ሳለ ጣቢያው ድንገት ተናገረ።

«የምትሰሙኝ ካላችሁ... ኢብሳ እባላለሁ። የማዕድን አሳሽ መርከብ ላይ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ጨረሩም አቅጣጫ መለኪያውም ተቃጥሏል፤ የት እንዳለሁ አላውቅም። ሁለት ከተማ ያሉ ሁለት ጣቢያዎች አንድ ላይ ካዳመጡኝ ቦታዬን ማግኘት ይቻላል። ባትሪዬ የሚበቃው ለአንድ ረጅም ድምፅ ብቻ ነው። እባካችሁ ሌላ ሰው ጠርታችሁ ንገሩኝ፤ ያኔ እለቀዋለሁ።»

ትርሲት ከመሰላሉ ዘላ ወረደች። «አባዬ፣ ጋሽ መሸሻን ጥራቸው!»

መሸሻ ከተራራው ወዲያ ባለችው ከተማ የሚኖር፣ እንደ ላቀው የሬዲዮ ወዳጆች ማኅበር አባል ነው። ከሁሉም የራቀ ጣቢያ ያገኘ እሱ ስለሆነ፣ ፎቶግራፉ በማኅበሩ አዳራሽ ተሰቅሏል። ላቀው ያን ፎቶግራፍ ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል።

በማኅበሩ ደንብ፣ ከሩቅ የተገኘ ሰው የጣቢያህን ስም መልሶ ተናግሮ፣ ድምፅህ እንዴት እንደደረሰው ካላረጋገጠልህ አላገኘኸውም። አሁን መሸሻ ከተጠራ ማረጋገጫውን ሊቀድመው ይችላል። ላቀው ጣቱን ከጆሮው ጀርባ አሳርፎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ማንንም አልጠራም።

«እሺ ብሏል። እያዳመጠ ነው» አላት።

ትርሲት ግንባሩን ሳመችው፤ እንባዋ መጣ። ክፉ ሰው አይደለሁም አለ ላቀው በሆዱ፤ ማረጋገጫውን ይቀበልና ወዲያው መሸሻን ይጠራዋል። ማይክሮፎኑን አነሳ።

«ወንድሜ ኢብሳ፣ ጥርት ብለህ ትሰማለህ። ቀይ ጎራ ሰባት ነኝ። በመጀመሪያ የጣቢያዬን ስም ደግመህ ድምፄ እንዴት እንደደረሰህ አረጋግጥልኝ። ከዚያ ወደ ሌላው እንሄዳለን።»

ቃሉ እዚያ ደርሶ መልስ እስኪመጣ ምሳ ተበልቶ አለቀ። ላቀው እንደውም ጨመረ።

«ቀይ ጎራ ሰባት... ቀይ ጎራ ሰባት» አለ ኢብሳ፤ እንዳይሳሳት ቀስ እያለ። «ድምፅዎ ደካማ ነው፤ ግን ይሰማል። አረጋግጫለሁ። ይህንንም ካልኩልዎት ሌላ ሰው ይጠሩልኛል አይደል፣ አባቴ? እዚህ ብርዱ...»

ድምፁ ቀጠነና ጠፋ። ላቀው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ደጋግሞ ተጣራ፤ የሚመልስለት ግን አልነበረም። አሁን መሸሻን መጥራት ምን ይጠቅማል ብሎ ተወው።

«ረጅሙ ድምፅስ? ጋሽ መሸሻ ሰሙት?» አለች ትርሲት።

«እሁድ ስብሰባ ላይ እንጠይቀዋለን።»

እሁድ ላቀው አዲስ ሱፉን ለብሶ የቀዳውን የኢብሳን ድምፅ በአዳራሹ አሰማ። ጭብጨባው ሳይጀመር መሸሻ ብድግ አለ።

«ሌባ! ይህን ሰው አንተ ከማግኘትህ አንድ ቀን ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ! ማረጋገጫዬ ይኸው!»

ያው የኢብሳ ድምፅ ከመሸሻ መሣሪያ ወጣ፤ ያኔ ገና ጉልበት ነበረው። የመሸሻን ጣቢያ ስም በጥንቃቄ ደገመ፣ አረጋገጠ፤ ከዚያ ሁለተኛ አዳማጭ እንዲፈልግለት ለመነ።

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?» አለ ላቀው።

«አንተስ?»

የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጉዳዩ በደንቡ እንደሚታይ ተናገሩ። እጅ ወጣ፤ ማረጋገጫው ለሁለቱም ጸደቀላቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መሸሻና ላቀው እያንገራገሩም ቢሆን ተጨባበጡ፤ የማኅበሩ ጸሐፊም ፎቶግራፍ አነሳቸው።

ትርሲት ከኋላ ወንበር ተነሳች። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች፤ አባቷን ግን አላየችውም።

«ሰውየውስ?» አለች።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከልባቸው ሊረዷት ፈልገው፣ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«የትኛው ሰውዬ፣ ልጄ?»