ሳይጠየቁ የተጋበዙት እንግዳ

ሔሊና የጎረቤቷን የማማ ናኪቡካን በር ልታንኳኳ እጇን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው። ነገ ጠዋት ማማ ናኪቡካ ክፍል መጥተው እንደሚያናግሯቸው መምህሩ ለተማሪዎቹ ሁሉ ተናግሯል። ጉዱ ግን፣ ማማ ናኪቡካ ራሳቸው ይህን አያውቁም!

ነገሩ የጀመረው በወረርሽኙ ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ የከረመው ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን ነው። መምህሩ «የምታደንቁትን ሰው የሚጋብዝልን ማን ነው?» ሲል፣ ሔሊና «ጎረቤታችንን ጠይቄያቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል» ብላ አረፈችው። ውሸቷን ነው። እሳቸውን ንቲንዳ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ የለም። ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፉ የሠራተኛ ማኅበር አቋቁመው፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ እኩል እንዲከፈላቸው ተሟግተው አሸንፈዋል። ባለፈው ምርጫ ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ገብተዋል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተደፍሮ ይጠየቃል? ዛሬ ነገ ስትል ቀኑ ደረሰ።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ማማ ናኪቡካ የማቶኬ ሙዝ ልጣጭ የሞላበት ሳፋ ይዘዋል።

«አንቺ! ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ሔሊና አንድም ሳታስቀር ዘከዘከችው።

ማማ ናኪቡካ ሳፋውን አስቀመጡ። «ማኅበሩን ስንመሠርት የመጀመሪያው ሕጋችን ምን ነበር መሰለሽ? ያልጠየቅሽውን ሰው ወክለሽ አትናገሪም። አለቆቻችን ‹ሴቶቹ ደመወዛቸው በቅቷቸዋል› ይሉ ነበር። ማንን ጠይቀው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማማ።»

ሔሊና ጫማዋን እያየች ጠበቀች።

«ነገ ጠዋት ስብሰባ የለኝም፤ እመጣለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ግን እኔ ከመድረሴ በፊት እውነቱን ለመምህርሽ ትነግሪዋለሽ። ራስሽ!»

«ቲቸር ያብድብኛል... ግን እነግረዋለሁ!»

እፎይ! ሰሞኑን እህል አልወርድ ሲላት የከረመችው ልጅ በአንዴ ራባት፤ ሳቋም አመለጣት። ማማ ናኪቡካም አብረዋት ሳቁ።

«በቦዳ ሞተር ነው የምመጣው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማን ይቀበለኛል?»

«እኔ ቲቸር ጋ ስለምሆን ጓደኛዬ ለይላ ትቀበ...»

ሔሊና ቃሉን ዋጠችው። ማማ ናኪቡካ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ያዩዋታል።

ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

«አንዴ፣ ማማ። መጀመሪያ ልጠይቃት።»