ከፕላኑ የጠፋው መስመር

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ድሪሉ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ቀርቷል። ፀጉሩና ጫማው የግድግዳ ብናኝ ለብሰዋል። ደረቱ ላይ የዚያው ፎቅ ፕላን ተቀምጧል።

ባልደረቦቿ «ዝግታ» የሚሏት መርማሪ ወረቀቱን ሳትነካ ጎንበስ ብላ አየችው። ፕላኑ ላይ በተበሳው ግድግዳ ውስጥ ምንም ገመድ አልተሣለም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የሕንፃው አስተዳዳሪ፣ የኮቱን እጅጌ እያራገፈ። «ፕላኑን የምትሠራው ሚስቱ ናት። የሊፍቱን ኬብል ረሳችው፤ እሱም አምኗት በሳው። ያሳዝናል፣ ግን ተጠያቂዋ እሷ ናት።»

ሚስትየው ምድር ቤት፣ የጥበቃው ክፍል ውስጥ፣ አሮጊቷ የጽዳት ሠራተኛ ትከሻ ላይ ተደግፋለች። ሥራዋ በየወሩ ሕንፃውን በሜትር እየለካች፣ የተነሣውን በርና የተዘረጋውን ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ማስተካከል ነው።

«ኬብሉን በቀይ ሥዬዋለሁ» አለች። «አሁን ሲከፍቱት የለም አሉኝ። ሴቭ ሳላደርገው ዘግቼው ይሆን? እኔ እንጃ። የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። አባትሽን የገደለው የእናትሽ ስሕተት ነው እያልኩ ነው የማሳድጋት?»

ዝግታ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። አራት ሰዓት ላይ ባልዲዬን ይዤ ስመጣ ሊፍቱ ቆሟል። በዚህ ጉልበቴ አምስተኛ ፎቅ በእግሬ! ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ነው የደረስኩት። ጨርሼ ስመለስ ሊፍቱ ይሠራል፤ ተመስገን ብዬ ገባሁ። ሦስተኛ ላይ ሲከፈት…»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«አራት ተኩል። ስጮህ ይቺ እዚያው ፎቅ ካለው ቢሮዋ ሮጣ መጣችና ወደቀች። ከጥበቃው ጋር ተሸክመን አወረድናት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ከአጠገቤ አልራቁም።»

«ላይ ማን ቀረ?»

«ጋሼ አስተዳዳሪው። ማንም እንዳይነካው እኔ እጠብቃለሁ አሉ።»

ዝግታ ጥበቃውን አየችው። «ኃይል የሚጠፋበት የብሬከሩ ክፍል ቁልፍ አንተ ጋ ነው?»

«እኔ ጋ? እኔ የሽንት ቤቱንም በልመና ነው የማገኘው። ጋሼ አስተዳዳሪው ኪስ ነው።»

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ፕላን ሠሪዋ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ደረቱ ላይ የነበረው ወረቀት ብናኝ የለውም» ብላ ጀመረች። «ሲበሳ ይዞት ቢሆን እንደ ጫማው ይነጣ ነበር። ከሞተ በኋላ የተቀመጠ ነው።»

«እሷም ልታስቀምጠው ትችላለች» አለ አስተዳዳሪው።

«ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ መዝግቦታል። ያኔ እሷ ምድር ቤት እትዬ እቅፍ ውስጥ ነበረች። ጥበቃውም እዚያው። ይህ ኮምፒውተር ክፍት እንደሆነ፣ ፎቁ ላይ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ። መስመሩን አጥፍተው አዲስ ወረቀት አተሙ።»

«ምን አግኝቼ?»

«ሊፍቱን እናስታውስ። ሟቹ ፕላኑ ላይ ኬብል ባያይ ኖሮ ኃይሉ ለምን ይጠፋ ነበር? ቀዩን መስመር አይቷል፤ ቁልፉን ወደያዙት ወደ እርስዎ መጥቶ አጥፉልኝ ብሏል። ሊፍቱ ቆመ፤ እትዬ በእግራቸው ወጡ። ከዚያ ሥራው ሳያልቅ ሊፍቱ ተነሣ። ማን አበራው?»

ዝግታ የአስተዳዳሪውን ኮት በጣቷ አመለከተች።

«እጅጌዎ ዛሬ ጠዋት በብናኝ ነጥቶ ነበር። እንዳይነካ የሚጠብቁትን ሰው ኪስ ምን ፈልገው ገቡበት?»

አስተዳዳሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ላይ እንግዶች ነበሩ» አለ ቀስ ብሎ። «ሊፍት የለም ብለው አስጨነቁኝ። የጨረሰ መሰለኝ። ልደውልለት አስቤ ነበር።»

«ማብራትዎ ስሕተት ሊባል ይችል ነበር። በልጅ እናት ላይ ማላከክዎ ግን አይባልም።»

አስተዳዳሪው ከውስጥ ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ወረቀት አወጣ። ዝግታ ዘርግታ ለሚስትየው አሳየቻት። ቀዩ መስመር ቦታው ላይ አለ። አጠገቡ በባሏ እጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፣ «የዚህ ኃይል ይጥፋ» ተብሎ ተጽፏል።

ሴትየዋ ጽሑፉን ደጋግማ አነበበችው። «ለልጄ ላሳያት?»

«አሁን ማስረጃ ነው። ሲመለስ የሷ ይሆናል።»

ባለቤቷን ያጣችው ሴት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች፤ መስመሩንም ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና ሣለችው።

«ዛሬ ይቅርብሽ እንጂ» አለች አሮጊቷ።

«አይሆንም እማማ። ነገ ሌላ ሰው ይህን ግድግዳ ይበሳል።»