የሃምሳ ዓመቱ ማዕበል

ዶክተር በዳሳ ሳሊተ ምሕረት ካለው ቤታቸው ሰገነት ወድቀው ጓሮው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ኢንስፔክተር አዝመራ ስትደርስ አስከሬኑ ብርድ ልብስ ለብሷል። እሷ ቀና ብላ ሰገነቱ ላይ ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ አየች። ሮቶው ሞልቶ ውሃው በግድግዳው ይወርዳል።

ሟቹ የፊዚክስ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ግን በገበያ ጥናት ነው። አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ኢኮኖሚው በየሃምሳ ዓመቱ እንደ ማዕበል ይነሳል፣ መልሶም ይወድቃል ይሉ ነበር።

ልጃቸው ሶሬቲ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«ገፋሻቸው?»

«ጠዋት ተናገርኩት። ‹የዓለምን ሃምሳ ዓመት ታያለህ፣ እማዬ ፊትህ ታማ ስትከሳ አላየህም› ብዬው ወደ ሥራ ሄድኩ። ዘሎ ነው። በእኔ ምክንያት ነው የዘለለው።»

አዝመራ አላባበለቻትም። ሰገነቱ ላይ ወጣች። ሁለት ወንበር፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ፤ አንዱ አልተነካም።

ምድር ቤቱን ተከራይቶ ሶፋ የሚሸጠው ሙዘሚል ከሟቹ ጋር ተኳርፎ ነበር።

«‹ማዕበሉ ሊወርድ ነው› ብለውኝ ሩዋንዳ ሰፈር ያለውን ሱቄን ዘጋሁ። ጎረቤቴ እዚያው ፎቅ ሠራ!»

«ታዲያ ገፋሃቸው?»

«ኧረ በአላህ! ሰላምታ መንፈጌ ራሱ እየቆጨኝ ነው። ዛሬ የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ አይደል? ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ መኪና ሳጥብ ነበር። ከእዝራ በቀር የገባ የለም።»

እዝራ የዶክተሩ ተማሪና ረዳት ነው።

«ሳሎን ነበርኩ» አለ። «ውሃ ስለጠፋ ሮቶውን ልይ ብለው ብቻቸውን ወጡ።»

«ቤትህ የት ነው?»

«ወሎ ሰፈር።»

«እዚያስ ውሃ አለ?»

«ዛሬማ ጠብታ የለም።»

አዝመራ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ሰፈር ውሃ ከጠዋት ጀምሮ አለ፤ ሮቶውም ሞልቷል። ሮቶ ሊያይ የወጣ ሰው ደግሞ ሁለት ሻይ ይዞ አይወጣም። ሶሬቲ ሥራ ላይ ነበረች፣ ሙዘሚል በር ላይ። ከደረቀ ቧንቧ ተነስቶ የመጣ ሰው ከተማው ሁሉ የደረቀ ይመስለዋል፣ እዝራ። ራሳቸው ዘለው ቢሆን ኖሮ ለምን ትዋሻለህ?»

እዝራ መሬት መሬት አየ።

«ስንት ወፍጮ፣ ስንት ትራክተር አገር እንደገባ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ግማሹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር፣ ግማሹ በፈረንጅ ነበር፤ ሳላስማማ ደባለቅሁት። ማዕበሉ ያማረው በእኔ ስህተት ነው። ዛሬ ደረሱበት። ‹በይፋ ተናግረን እንደ አዲስ እንጀምራለን› አሉ። ዶክትሬቴ አለቀለት ማለት ነው። ለመንኳቸው። እምቢ ሲሉ… ገፋኋቸው።»

«አዝኖ ነበር?» አለች ሶሬቲ። «አባዬ አዝኖ ነበር?»

«አይ። ይስቁ ነበር። ‹ያቺ ልጅ እውነቷን ነው፣ ስንት ዓመት የሌለ ነገር ሳይ ኖርኩ! ደውዬ ይቅርታ ልበላት› ብለው ስልካቸውን ሲያወጡ ነው…»

ሙዘሚል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ቢደውልም አያገኘኝም ነበር» አለች ሶሬቲ። «ድምፁን እንዳልሰማ ስልኬን ዘግቼው ነበር።»

አዝመራ የእዝራን ክንድ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።