አረንጓዴ መሆን የነበረባቸው ሳህኖች

ሸክላ ሠሪው ሸክላ ከሚተኩሱበት እቶን ፊት፣ ከበርጩማቸው ላይ ሳይወርዱ ሞቱ። ፊታቸው ቀልቶ፣ ራሳቸው ወደ ግድግዳው ዘንበል ብሎ፣ ላያቸው ሰው ያሸለቡ ይመስሉ ነበር። ሐኪሙ የገደላቸው ጭስ ነው አለ። ፖሊሶቹም እሳት የሚያነዱትን ሽማግሌ «በቸልተኝነት» ብለው አሰሯቸው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። መርማሪዋ እቶኑ እስኪበርድ ሁለት ቀን እንዳይከፈት አዘዘች፤ እስከዚያው ሽማግሌውን እስር ቤት ድረስ ሄዳ አነጋገረቻቸው።

«የጭስ ማውጫው መዝጊያ ክፍት ነበር?»

«ወለል ብሎ። ሳህኖቹ የተቀቡት የመዳብ ቅብ አረንጓዴ የሚሆነው እሳቱ አየር ሲያገኝ ነው። አርባ ዓመት ያነደድኩ ሰው ይህ ይጠፋኛል፣ ልጄ?»

«ከዚያስ?»

«ከሸክላ ሠሪው ጋር ሁልጊዜ ምሳ አብረን ነበር የምንሄደው። የዚያን ቀን ደክሟቸው ቀሩ። ስመለስም መዝጊያው ክፍት ነበር፤ እሳቸው ግን በሕይወት አልነበሩም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሁለት ጣቶቹን በጨርቅ ጠቅልሏል። ከገበያ ሲመለስ ወንድሙን ሞተው እንዳገኛቸው ተናገረ።

«ጣቶችህን ምን ነካህ?»

«ጋሼን ጎትቼ ሳወጣ የእቶኑ ግድግዳ ፈጀኝ።»

መበለቲቱ መርማሪዋን እስከ በር ሸኘቻት። «እህቴ፣ እሱን አታስጨንቂብኝ። የሸክላ እጅ ያለው ሰው እሱ ብቻ ቀረኝ» አለቻት።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውም ከእስር መጥተው፣ ሁሉም ባሉበት እቶኑ ተከፈተ። ሳህኖቹ በሙሉ ቀይ ነበሩ።

«መዳብ አየር ሲያጣ ይቀላል» አለች መርማሪዋ። «እሳቱ እየነደደ መዝጊያውን የዘጋ፣ ኋላም የከፈተ ሰው አለ። መውጫ ያጣው ጭስ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።»

«ሊገድላቸው ነዋ» አለች መበለቲቱ፣ ሽማግሌውን እያየች።

«ሊገድል የመጣ ሰው ቀለም አይፈትሽም። ሟቹ ቀለሙ የሚፈተሽባቸው አምስት ትንንሽ የሸክላ ቀለበቶች ቀብተው ማስገባታቸውን በደብተራቸው ጽፈዋል። እዚህ ያሉት አራት ናቸው። አምስተኛው በጓሮ በኩል፣ ከመዝጊያው ሥር ባለችው ቀዳዳ በብረት ተስቦ ወጥቷል። ከውጭ ያለ ሰው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ አያይም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «የጋለ ግድግዳ መዳፍ ነው የሚያቃጥለው። ሁለት ጣት የሚያቃጥለው ትንሽ ነገር ነው፤ እስኪበርድ መታገሥ ያልቻለ ሰው ያነሣው።»

ወንድምየው ከኪሱ ቀይ ቀለበት አውጥቶ በርጩማው ላይ አስቀመጠ።

«ቀይ እንሥራ ብዬ ጋሼን ሃያ ዓመት ለመንኳቸው። ቀይ ለእኛ እቶን አይሆንም፣ እንጨት አታባክን ይሉኛል። ምሳ የሄዱ መስሎኝ ነው፣ እትዬ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር።»

«እኚህን ሽማግሌ ሲያስሯቸውስ?» አለች መርማሪዋ።

«ዝም አልኩ።» ወደ ሳህኖቹ ተመለከተ። «አሁን ሲከፈት ደግሞ ደስ አለኝ። ጋሼን ገድዬ፣ ቀለሙን ሳይ ደስ አለኝ።»

መበለቲቱ አንዱን ሳህን አንሥታ አገላበጠችው። እንከን አልነበረውም። መልሳ አስቀመጠችውና ፊቷን ሸፍና ወጣች። ወንድምየውን ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ።

«አባቴ፣ እርስዎ ነፃ ነዎት» አለች መርማሪዋ። «ወደ ሥራዎ ይመለሱ።»

ሽማግሌው የበረደውን እቶን አዩት።

«የማነድለት ማን አለ፣ ልጄ?»