ኮንትሮል ሲን ማን ነካ?

«ዋርያ፣ እጅህን ከኪቦርዱ አንሳ!»

የኮምፒውተር ክበቡ ሊቀመንበር ይትባረክ የክበቡን አባል ዱዓሌን ከወንበሩ ገፍትሮ አስነሳው። ሙቀት መዝጋቢው ፕሮግራም ደርቆ ቀርቷል። ተማሪዎቹ ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ብለው ወር ሙሉ የመዘገቡት የድሬ ሙቀት፣ ፋይሉ ሲከፈት ግማሹ የለም።

«መብራት ሄዶ ነበር፣ ኮንትሮል ሲ ተጫንኩ» አለ ዱዓሌ። «ሕጉ እሱ አይደል እንዴ?»

ሕጉስ እሱ ነበር። መብራት ሲሄድ ባትሪው ብዙ ስለማይቆይ፣ አጠገቡ ያለ ሰው ኮንትሮልንና ሲን አብሮ ይጫናል፤ ፕሮግራሙም የያዘውን ሴቭ አድርጎ ይዘጋል። እንዲያ አድርጎ የጻፈው ይትባረክ ነው፤ ጉራውም ሁሉን አሰልችቷል።

«ውሸታም! ከክበቡ ይውጣ፤ ፋይሉን ሲያጠፋ ሑዳ አይታዋለች» አለ ይትባረክ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ ሑዳ ዞረ። የክበቡ ኃላፊ ቲቸር አስካለማርያምም ዞሩ።

ሑዳ ምንም አላየችም። ያየችው ኮዱን ነው። ሁለቱ ቁልፎች ሲነኩ ፕሮግራሙ ሲግናል ይደርሰዋል፤ ሥራውን ባለበት ጥሎ ሲግናሉን ወደሚቀበለው ቁራጭ ኮድ፣ ወደ ሃንድለሩ ይሄዳል። ሃንድለሩ «ሲግናል መጥቷል» ብሎ ምልክት አኑሮ ቢመለስ ችግር አልነበረም። የይትባረክ ሃንድለር ግን እዚያው ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ሲግናሉ የመጣው ፕሮግራሙ ሴቭ እያደረገ ሳለ ከሆነ፣ ፋይሉን የቆለፈውም ራሱ፣ እስኪከፈትለት የሚጠብቀውም ራሱ ይሆንና ግማሽ መንገድ ላይ ይደርቃል። ባለፈው ይህን ለይትባረክ ስትነግረው «የአሥረኛ ክፍል ፕሮፌሰር!» ብሎ አሳቀባት።

አሁን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «አየሁ በያቸው። አለበለዚያ ከኤግዚቢሽኑ ቡድን ወጥተሻል።»

ደሟ ፈላ።

«አላየሁም!» አለች ጮክ ብላ። «ጥፋቱ የሃንድለሩ ነው። ቲቸር፣ ላሳይ?»

«አሳዪ።»

ሑዳ የተረፈውን ዳታ ኮፒ አድርጋ ፕሮግራሙን አስነሳችና ኮንትሮል ሲ ተጫነች። በሰላም ተዘጋ። ክፍሉ ሳቀ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም በሰላም ተዘጋ።

«አቦ ተነሺ!» አለ አንዱ ከኋላ። የተጨማደደ ወረቀት ትከሻዋን መታት። ሲግናሉ ሴቭ በሚደረግባት ቅጽበት ላይ ካልወደቀ ምንም እንደማይፈጠር ታውቃለች፤ ግን ይህን ለዚህ ሁሉ አፍ እንዴት ታስረዳ? ሁሉንም ጠላቻቸው። እንደገና አስነስታ ተጫነች።

ፕሮግራሙ ደረቀ።

ሳቁ ቆመ። «ቲቸር፣ አዩ? እሷም አበላሸችው!» ብሎ ጮኸ ይትባረክ።

«አዎ» አለች ሑዳ። «ዱዓሌ በተጫነው ቁልፍ ነው ያበላሸሁት። እሱን ካስወጣችሁት እኔንም አስወጡኝ።»

የቲቸርን መልስ ሳትጠብቅ ቦርሳዋን አንስታ ሄዳ ዱዓሌ አጠገብ ቆመች።