ከጣት አልወጣ ያለው ቀለህ

«አውልቂው! ቶሎ በይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!» አሉ አያቷ።

ቆንጅት ሳበችው፤ አልወጣም። የነሐሱ ቀለህ በግራ እጇ ትንሿ ጣት ላይ ተጣብቋል። ጣቷም ማበጥ ጀምሯል። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት በር በሰደፍ ሲደበደብ ይሰማል፤ ፍተሻ ነው።

አሁን ገና ከጓደኛዋ ከሀዲጃ ጋር ጓሮ ተቀምጠው ሲሳሳቁ ነበር። ዲላ ላይ ሱቅ የነበረው ግሪክ፣ ጣሊያን ሲገባ ከተማውን ለቆ ሲሄድ ጊታሩን ለአባቷ ተወለት። ሰውየው የጠርሙስ አንገት ትንሿ ጣቱ ላይ አጥልቆ ክሮቹ ላይ ሲያንሸራትት ጊታሩ እንደ ሰው ያለቅስ ነበር። ቆንጅትም እንደዚያ መጫወት አማራት። የምታንሸራትተውን ለመምረጥ ሦስት ነገር ሰሌን ላይ አስቀመጠች፦ የበግ ቅልጥም፣ የተሰበረ የወይን ጠርሙስ አንገት፣ ከቡና ማሳ ያነሳችው የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት ቀለህ። የቀለሁን ጠባብ ጫፍ ራሷ በሞረድ ቆርጣዋለች።

ቅልጥሙን ስትሞክር ሀዲጃ በሳቅ ፈረሰች። «ወይኔ! የታነቀች ዶሮ!»

የጠርሙሱ አንገት ድምፁ ደህና ነው፤ ጠርዙ ግን ቆዳ ይልጣል። ቀለሁ ግን ዘፈነ።

«በቃ እሱ ነው፣ ሌላውን ወዲያ ጣዪው!» አለች ሀዲጃ።

ባለፈው ሳምንት ጣሊያኖቹ አንጥረኛውን ጉግሳን የወሰዱት ቤቱ ውስጥ አንድ ቀለህ አግኝተው ነው። እስካሁን አልተመለሰም። ቆንጅት ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ድምፁ አስረሳት። ልጅ አይደለች?

አያቷ አልጋነሽ ክንዷን ይዘው ጎተቷት። ጠዋት የተከፈተው ቆጮ የሚብላላበት ጉድጓድ አፉን እንደከፈተ ነው።

«እጅሽን ክተቺ! ሁለቱንም! እሺ!»

እስከ ክርኗ ከተተች። ሀዲጃም አጠገቧ ተንበረከከች። የጓሮው በር ተበረገደ፤ አንድ ባንዳ፣ ከኋላው አንድ ጣሊያን ወታደር ገቡ።

«ምን ትደብቃላችሁ እዚያ ውስጥ?» አለ ባንዳው።

«ቆጮ እያሹ ነው ጌታዬ» አሉ አልጋነሽ። «ትንሽ ልስጥዎት?»

ወታደሩ ከሽታው የተነሳ አፍንጫውን ያዘ። ቆንጅት ሊጡ ውስጥ ቀለሁን ታዞራለች። ቆዳዋ ተላጠ፤ አቃጠላት።

«አንቺ! እጅሽን አውጪ!»

አልጋነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆንጅት ቀስ ብላ አወጣች። ነጭ ሊጥ ከክርኗ ተንጠባጠበ። ትንሿ ጣቷ ባዶ ነበረች።

ባንዳው ቤቱን በረበረ። ወታደሩ ሲያልፍ አንዱን የጊታር ክር በጣቱ ነካ አደረገና ወጣ። የሚቀጥለው ቤት በር ይደበደብ ጀመር።

«ሄዱ! በይ አውጪው» ሀዲጃ አንሾካሾከች። «ከእንግዲህ እኮ አይመጡም።»

ቆንጅት ጉድጓዱን ዳብሳ ቀለሁን አገኘችው። አያቷን አየቻቸው፤ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ ገና የጓሮውን በር ያያሉ። ተነሳችና ወደ ሽንት ቤቱ ሄደች። ቀለሁን ጣለችው፤ ሲወድቅ ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ተመልሳ የጠርሙሱን አንገት አነሳች። ከቢላ መሳያው ድንጋይ ፊት ተቀምጣ ጠርዙን እስኪለዝብ ማሸት ጀመረች።

«ስንት ቀን ሊፈጅብሽ ነው?» አለች ሀዲጃ።

«እንጃ።»

አልጋነሽ ስለ ጊታሩ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። ቀስ ብለው ተነሱ፣ ቅል ሙሉ ውሃ አመጡና ድንጋዩ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉላት።