የሎሚው ጠጪዎች

ስመኝ ጠዋት ጠዋት ፊቷን የምትታጠበው ከጓሮው ሎሚ ሥር ነው፤ እጣቢውንም እዚያው ትደፋለች። ቤቷን ትይዛለች፣ አልዋሽባትም። የምትጠላው እድፍ ነው፤ በተለይ የሰው እድፍ።

በዚያ ሰሞን የሎሚው ቅጠል መጣበቅ ጀመረ። ሲነኩት እንደ ማር ጣት ላይ ይሳባል፣ ሲያሸቱት ግን ሳይታጠብ የከረመ የበሽተኛ አንሶላ ይሸታል። ጉንዳን ግንዱን ወረሰው። ቀና ብላ ስታይ፣ ቅርንጫፉ ላይ ትናንት ያልነበሩ እሾሆች ተደርድረዋል፤ ጥቋቁር፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ነጠላ ተከናንበው የተቀመጡ የሚመስሉ።

«ገበየሁ፣ ይሄ እሾህ ይንቀሳቀሳል» አለችው ባሏን።

«ሎሚ እሾህ ባያወጣ ነበር የሚገርመኝ» ብሎ ሳቀባት። ኋላ ቀረብ ብሎ አየና፣ «ነፍሳት ናቸው። አፋቸውን ልጡ ውስጥ ሰክተው ውሃውን ይመጥጣሉ፤ አይጠግቡም እነዚህ። እማዬ ብትኖር በአመድ ታባርራቸው ነበር።»

ስመኝ አመድ ልታፍስ ወደ ምድጃው ሄደች። አማቷ ደብሪቱ፣ ያቺ ጀርባዋ ጎብጦ አልጋ ላይ የቀረች ሴትዮ፣ የመጨረሻ በጋዋን «ልጄ፣ ጉሮሮዬን አርጥቢልኝ» እያለች ነው ያሳለፈችው። ብትጠጣ ትሸናለች፣ አንሶላው ይበሰብሳል፤ የሚያጥበው ደግሞ የስመኝ እጅ ነው። ስለዚህ ገበየሁ የሞላላትን ጣሳ ይዛ እየወጣች ሎሚው ሥር ትደፋው ነበር። «ጠጣች?» ሲላት፣ «ጠጡ፤ እስኪረኩ» ትለዋለች፣ ያውም በአክብሮት። ሎሚው በዚያ በጋ ያን ያህል የለመለመው በምን መሰላችሁ?

አመድ በተነችባቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። በመጥረጊያ መታቻቸው፤ አልወደቁም። ጆሮዋን ወደ ቅርንጫፉ ስታስጠጋ፣ ድምፅ አይሉት ድምፅ፣ በእንጨቱ አልፎ ጥርስ ላይ የሚሰማ፣ የደረቀ ከንፈር ከከንፈር ሲላቀቅ እንደሚያሰማው ያለ ነገር ሰማች። በማግስቱ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ቤቱ በር አዙረው አገኘቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ውሃ ጥሙ ያዛት። ጣሳውን ትጨልጣለች፣ ምላሷ ግን እንደ ቁርበት ይደርቃል። እንስራው ባዶ ሆነ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴት፣ ወንዙን ላምጣልሽ?» አላት ገበየሁ።

አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ስትቀዳ ውላ ቀና ልትል ስትል ወገቧ እምቢ አላት። ሁሉን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ጉሮሮዋ ደርቆ ቃል አልወጣም። መናገሩስ እናቱ በሕይወት ሳለች ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እግሯ ራሱ ጎትቶ ሎሚው ሥር አደረሳት። ከልጡ በታች ውሃው ሲወርድ ይሰማታል፤ ያ የደፋችው ውሃ፣ ቀዝቃዛው፣ ጣሳ ጣሳው ሁሉ። አፏን ወደ ቅርንጫፉ አስጠጋች። እሾሆቹም አልሸሹ፤ መደብ ላይ ለመጣ እንግዳ እንደሚደረገው፣ ወዲያና ወዲህ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።